ከደጃችን የወጣው እጣቢ የት ደረሰ?

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር እንዳለ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ስለ ቧንቧ ውሃ እኛ እናቶች ሁልጊዜ እናወራለን፤ መጣ፣ ጠፋ፣ ደፈረሰ እንላለን። ዛሬ የምንወያየው ግን ወደ ቤታችን ስለሚገባው ሳይሆን ከቤታችን ስለሚወጣው ውሃ ነው። ልብስ ታጥቦበት፣ ዕቃ ተለቅልቆበት በቦዩ የተደፋው እጣቢ የት ይደርሳል?

የደሴ ምድር ተዳፋት ስለሆነ የፈሰሰ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እዚያም የሌዮሌና የወርቃ ወንዞች ይገቡበታል። ቀጥሎም በከሚሴ አካባቢ የጨፋን ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ያመራል። እንግዲህ ደሴ ላይ የተደፋው ኮምቦልቻ ላይ፣ ኮምቦልቻ ላይ የተለቀቀውም ከብት በሚጠጣበትና አትክልት በሚለማበት ቦታ ይደርሳል ማለት ነው።

በዚህ ጉዞ መጀመሪያ የሚጎዳው ዓሣ ነው። ዓሣም እንደ እኛው መተንፈስ አለበት፤ የሚተነፍሰውም በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ስንጥብ በሚባለው ቀይ አካሉ እየሳበ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የቄራ ደም፣ የመጠጥ ፋብሪካ ዝቃጭ ወንዝ ሲገባ ይህን የሚያብላሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ፤ ኦክስጅኑንም እነሱ ይጨርሱታል። አተላ በእንስራ ውስጥ ሲቆይ የሚሆነውን የምታውቁ ሁሉ ይህ አይከብዳችሁም። ለብዙ ዓሣዎች በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ከ2 በታች ሲወርድ ብዙዎቹ ታፍነው ይሞታሉ። በበጋ ደግሞ ወንዙ ሲሳሳና ውሃው ሲሞቅ ችግሩ ይብሳል። የሳሙናና የኦሞ ፍሳሽ ስንጥቡን ይጎዳል፤ ደለሉም በጠጠር መካከል የተጣለውን እንቁላል ያለብሰዋል። ትልልቁ ዓሣ ቢተርፍ እንኳ ተተኪ ልጅ አያገኝም።

አምባዛ ግን ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ አየር መሳብ ስለሚችል በቆሸሸ ውሃም ይቆያል። ስለዚህ «አምባዛ ስላለበት ውሃው ደህና ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ ሥጋው፣ ብረቱ በዚያ ይሠራል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ጥናቶች በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጡ ከባድ ብረታ ብረቶችን መርምረዋል፤ ከቆዳ ሥራ ክሮሚየም፣ ከብረት ሥራ ዚንክ ተገኝቷል። እነዚህ ነገሮች እንደ እጣቢ በስብሰው አይጠፉም። በደለሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከደለሉም ወደ ትሎች፣ ከትሎቹም ወደ ዓሣ ይሸጋገራሉ።

ይህ ለእናቶች ምን ያህል እንደሚያሠጋ የጃፓኗ ሚናማታ ታስተምረናለች። እዚያ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲለቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሽታው በይፋ ታወቀ። ዓሣውን የበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ፤ ሰዎችም ሽባ ሆኑ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ራሳቸው ብዙም ያልታመሙ እናቶች አእምሮአቸውና አካላቸው የተጎዳ ሕፃናትን መውለዳቸው ነው። ፍሳሹ ግን እስከ 1968 ድረስ አልቆመም። የእኛ ወንዝ ሚናማታ ሆኗል ማለታችን አይደለም፤ የዓሣውን ምልክት ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል ለማስታወስ ነው።

በፋብሪካ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች «ታዲያ እንጀራችን ይዘጋ ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ጥያቄው ፍሳሹ ተጣርቶ ይለቀቅ ነው። የማጣሪያው ገንዳ መሥራቱን ከማንም በፊት የምታውቁት በቦታው ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንሡ። ከወንዙ ውሃ ራቅ ብሎ የሚኖረው የእናንተ ልጅ ሳይሆን የሌላው ነው ብሎ መተውም አይገባም፤ ጎመኑና ወተቱ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣልና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም ማንም ሰው አቤት ማለት እንዲችል ይፈቅዳል።

በቤታችንም የሚከተሉትን እናስብ።

የወንዝ ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ክሮሚየምንና ሌሎች ብረታ ብረቶችን አያስወግድም። ስለዚህ ከፋብሪካ በታች ያለ ውሃ ቢፈላም ለመጠጥ አይሁን።

ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ አይለቀም፤ አይበላም። ስትገዙ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጡ። ብዙ ብረታ ብረቶች በጉበትና በስንጥብ ውስጥ ስለሚጠራቀሙ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አስወግዱ።

ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የተረፈ የተባይ መድኃኒት በቦይ አይጣል። ሳሙናና በረኪናም በልክ ይሁን።

ልጆችን ወንዝ ዳር ስትወስዱ ውሃውን አሳዩአቸው። ዓሣ ካለ ይመልከቱ፤ ከሌለም «ለምን የለም?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄአቸውን እኛ ለሚመለከተው ክፍል እናድርሰው።