«ማሽን ዘር አያውቅም» ለምትሉኝ

ወገኖቼ፣ ስለ ጣት ኦክሲሜትር ባነሳሁ ቁጥር «ማሽን ዘር አያውቅም፣ ሁሉን በዘር አትየው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ማሽን ዘር አያውቅም። ብርሃን ግን ጥቁር ቆዳን ከነጭ ይለያል።

እስቲ በድሮው ሙያዬ ላስረዳ። ያቺ ጣት የምትቆነጥጥ ዕቃ ኦክሲጅኑን በቀጥታ አትለካም። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ታሳልፋለች፣ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ታያለች፣ ከዚያ በፈቃደኞች ላይ አስቀድሞ ከተሠራ ልኬት ጋር አመሳክራ ቁጥር ታወጣለች። ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። ታዲያ ልኬቱ የተሠራው በማን ጣት ነው? ኤፍ ዲ ኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ 10 ሰው ይበቃል፤ ከነሱ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ቢያንስ 2 ወይም 15 በመቶ። ሁለት ሰው! በሌላው ቁና ነው የተሰፈርነው።

ኮቪድ ሲመጣ፣ መጋቢት 2020፣ ኤፍ ዲ ኤ የቤት ውስጥ መከታተያ መሣሪያዎች በብዛት እንዲዳረሱ ደንቡን አላላ። በሽተኛው ቤቱ ተኛ፣ ቁጥሩ በብሉቱዝ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ነርሷ ስክሪን ሄደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ ጥናት ጉዱን አወጣው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ የደም ኦክሲጅናቸው ግን ከ88 በታች የነበረው ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነው። ሦስት እጥፍ!

አልጋ አጠገብ የቆመች ነርስ ከንፈር ታያለች፣ ትንፋሽ ትሰማለች። ስክሪን ላይ ያለችው የምታየው 94ን ብቻ ነው። ኔትወርክ ስህተት አያርምም፣ ቶሎ ያደርሳል እንጂ።

«ከምንም ይሻላል» የምትሉስ? እናታችን መሣሪያው ባይኖራት ትንፋሿ ሲያጥር ሐኪም ቤት ትሮጥ ነበር። ቤት ያስቀራት «94 ነው፣ አይዞሽ» ያላት ቁጥር ነው። ይህ ከምንም አይሻልም።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በ1990 የታተመ ጥናት ይህንኑ ብሎ ነበር። ኤፍ ዲ ኤ ፈተናው 150 እና ከዚያ በላይ ሰው ላይ ይሁን የሚል ረቂቅ ያወጣው ጥር 2025 ነው። 35 ዓመት! መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ ነው። እኔ ከጌይተርስበርግ ተነስቼ በደጃፉ አልፋለሁ፤ እናንተም ታልፋላችሁ። ግማሻችን ዜጋ ነን፣ ድምፅ እንሰጣለን። ለእንደራሴዎቻችሁ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ደብዳቤ የጻፈ አለ?

ዕቃውን ጣሉት አላልኩም። በሻንጣ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ስትልኩ ግን ይህን አብራችሁ ላኩ፦ የአንድ ቀን ቁጥር አይታመን፣ ከትናንቱ ጋር ይተያይ፣ እየወረደ ከሄደ ሐኪም ይጠየቅ። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ማሽኑ 97 ቢልም ሐኪም ቤት ይኬድ።

የምትከራከሩኝ ኮሜንት ላይ ጠብቁኝ፤ ተሳፋሪ አድርሼ እመለሳለሁ።