አንድ ለአምስት ሲደመር ቻትቦት

«እኔ ሒሳብ ላይ ደደብ ነኝ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሁድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋን ግን ጨርሳለች። እንዴት? ጥያቄውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለቻትቦት ሰጠችው፤ እሱ ሠራ፣ እሷ ገለበጠች።

ልቆጣት አልኩና አፈርኩ። እኔስ? የኛ ትውልድ ሒሳብ የተማረው ከፕላዝማ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ገባህም አልገባህም ይቀጥላል። እጅህን ብታወጣ ማን ያይሃል? ከዚያ አንድ ለአምስት መጣ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በተግባር ግን ሰቃዩ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። እንግዲህ ቻትቦቱም የማይደክመው ሰቃይ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዩሪ ትራይዝማን በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ መረመረ። ስንፍና አልነበረም። ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት። ቻይና አሜሪካውያኑ ግን ማታ ማታ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ይፈትሽ ነበር። ስለዚህ ማጠናከሪያ አልሰጣቸውም፤ ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጥቶ በቡድን አከራከራቸው። ውጤታቸውም ተሻሻለ።

እኛም ሞከርነው። ሁለት ጓደኞቿን ጠራች። መጀመሪያ በወረቀት ተከራከሩ፤ ከዚያ ለቻትቦቱ «መልሱን አትንገረን፣ የተሳሳትንበትን በጥያቄ ጠቁመን» ብለው ጻፉ። አንድ ቦታ ላይ የሁለት ቁጥሮችን ድምር ስኩዌር፣ የየራሳቸው ስኩዌር ድምር አድርገውት ነበር። «በ3 እና በ4 ሞክሩት» አላቸው። አንዱ መንገድ 49፣ ሌላው 25 ሰጠ። 24ቱ የት ገባ? ደብተር ላይ ጎኑ 7 የሆነ ካሬ ስለው ቆራረጡት። 3 በ4 የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ተርፈው ተገኙ፤ 12 እና 12። ጩኸታቸው ጎረቤት ተሰማ!

ቻትቦት በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፣ አውቃለሁ። ብቻውን ለሚገለብጥ ተማሪ ይህ አደጋ ነው፤ ለሚከራከሩ ሦስት ልጆች ግን ሌላ የሚፈተሽ ሥራ ነው። ስልክ የሌለው ተማሪ ደግሞ ጓደኛና ወረቀት አያጣም፤ ዋናው ክርክሩ ነው። መምህራኖቻችን መልሱን ብቻ ከማረም ይልቅ «እንዴት ደረሳችሁበት?» ብለው ለክርክሩም ማርክ ቢሰጡ ምን ይጎዳል?

የአክስቴ ልጅ ሒሳብ ወደደች አልላችሁም። ግን ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ስልኩን ሊያነሱ ሲሉ «ቆይ፣ እኔ መጀመሪያ ልሞክረው» አለች። ለአንድ እሁድ ይበቃል።