ዘበኛውስ የማን አባል ነው?

ለኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ አባላት፣ እንዲሁም ለአማራ መምህራን ማኅበር፤ ባላችሁበት።

የምጽፍላችሁ ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጠመኔ በያዝኩበት ዘመን ሁሉ የማኅበሩን መዋጮ ከፍያለሁ፤ ከፈልኩ ስል፣ ደመወዙ እጄ ሳይገባ ፔሮሉ ላይ ይቆረጥ ነበር። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ባለ ድርሻ ጥያቄ ቁጠሩልኝ።

ስለ መምህሩ ችግር እናንተም ትጽፋላችሁ፣ እርሱም አፍ አለው። እኔ የምጽፈው ከመምህሩ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚውሉት ነው፤ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ስለ ሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋ።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልላችን በግጭቱ ያየውን ለእናንተ መዘርዘር አያሻኝም። ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሮ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህሩ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፣ ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይጠጋል። አልፈርድበትም። ዘበኛው ግን ወዴት ይሂድ? ቤቱም ማሳውም እዚያው ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ንብረትም በፊርማው ተጠያቂ ነው።

አንድ የማውቃቸው ዘበኛ አሉ፤ እኛ መምህራን ሁላችን «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው የቢሮው በረንዳ ላይ ያድሩ ነበር። የሚጠብቁት ዴስክ ነው፤ ዴስክ ደግሞ በችግር ጊዜ ማገዶ ነው፣ የሚፈልገው አይጠፋም። ከአንድ ሁለቴ በላይ ከጎረምሶች ጋር ተናንቀዋል። በሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ የሪከርድ ሠራተኛዋ የዓመታቱን ሮስተር በማዳበሪያ ከረጢት አሥራ ወደ ቤቷ ወሰደችና ከጎታ ኋላ ሸሽጋ አቆየችው። ዛሬ ከተማ ወጥቶ ትራንስክሪፕት የሚጠይቅ ልጅ ውጤቱ የሚገኘው ከዚያ ከረጢት በወጣ ወረቀት ነው። ይህን በሪፖርት የጻፈላት የለም፣ ውሎ አበልም አልታሰበላትም።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለመምህሩም እንዳልበቃው አውቃለሁ፤ አርብ ዕለት ገበያ ወጥቶ የጤፍ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል። መምህሩ ግን ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ የሚወጣው መሰላል አለው፤ ሲጓደልበት የሚጮህለት ማኅበርም አለው። በ6,000 ብር የጡረታው 7 ከመቶ ተቆርጦበት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ዘበኛ በደሉን ለማን ይንገር? ለርዕሰ መምህሩ? ርዕሰ መምህሩማ አለቃው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሕጉ ነው የሚያግደን» እንደምትሉ አልጠፋኝም። እውነት ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። ነገሩም አስቂኝ ነው፤ አዲስ አበባ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት የሚሠራ ዘበኛ ከዘጠኝ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል፣ የአርብ ገበያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘበኛ ግን በዚህ ዐዋጅ አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው ለሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀት መብት ሰጥቶ ዝርዝሩን ለሕግ ትቶታል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስለ መደራጀትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገሩ 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች ካጸደቀች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ድርጅቱም መምህራንን ጨምሮ የመንግሥት ሠራተኞች መብት እንዲከበር ደጋግሞ ጠይቋል። እንግዲህ ሕጉ እናንተንም ዘበኛውንም በአንድነት ውጭ አቁሟችኋል። ውጭ የቆመ ሰው አጠገቡ የቆመውን እንዴት አያይም?

ደግሞስ ከ1941 ጀምሮ ይህ ማኅበር መቼ ነው ሕግ እስኪመቻችለት የጠበቀው? የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት ደመወዝ ብቻ ጠይቀው አልነበረም። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ የድሃውን ልጅ ከጥቂት ክፍሎች በላይ አያሳልፈውም ብለው ነበር። የዚያን ዕለት ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ አድመው ስለነበር አዲስ አበባ ቆመች፤ በቀናት ውስጥም ዕቅዱ እንዲዘገይ ተደረገ። መምህሩ ስለ ራሱ ኪስ ብቻ ቢናገር ኖሮ ወላጁ ከጎኑ የሚቆም አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ስም ሁለት ሆነ፣ ክሱም ዓመታት ፈጀ። ከማኅበሩ መሪዎች አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ስድስት ዓመት ታሰሩ። በዚያ ጊዜ በውጭ አገር ስለ እነርሱ ከጮኹት አንዱ የዓለም መምህራን ማኅበራት ኅብረት የሆነው ኤዱኬሽን ኢንተርናሽናል ነው። ይኸው ድርጅት በየዓመቱ ግንቦት 8 ቀን የትምህርት ድጋፍ ሠራተኞችን ቀን ያከብራል፤ ዘበኛ፣ ጽዳት፣ ጸሐፊ፣ ሹፌር ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። በብዙ አገር መምህሩና እነዚህ ሰዎች በአንድ ማኅበር ይታቀፋሉ። በእኛ ወረዳ የግንቦት 8ን ነገር የሚያውቅ መምህር ቢያጋጥመኝ እገረማለሁ።

የትግራይ መምህራን ማኅበር በጦርነቱ ምክንያት ያልተከፈለው የ17 ወር ውዝፍ ደመወዝ ይከፈል ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ ደግ አደረገ። ከእነዚያ መምህራን ጋር በአንድ ግቢ የምትሠራው ጽዳት ሠራተኛም ግን ለዚያን ያህል ጊዜ ያለ ደመወዝ ከርማለች።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዋናው እንቅፋት ሕጉ አይመስለኝም። ኩራታችን ነው። «ከዘበኛ ጋር በአንድ ማኅበር?» የሚል ቃል በስታፍ ክፍል ሻይ ላይ ሲወረወር ሰምቻለሁ፤ የተናገረው ሰው የክፍሉን ቁልፍ ሁልጊዜ ከዘበኛው እጅ ነው የሚቀበለው።

የምጠይቃችሁ የሚከብድ አይደለም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የመተዳደሪያ ደንቡን የአባልነት አንቀጽ አጀንዳ አስይዙት፤ ሙሉ አባልነት ቢከብዳችሁ በተባባሪነት ጀምሩ። እርሱ እስኪወሰንም ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልሉ በምትጽፉት የደመወዝና የአበል ጥያቄ ውስጥ «መምህራን» ከሚለው ቀጥሎ «እና የትምህርት ቤት ሠራተኞች» የሚል ይጨመርበት። በየትምህርት ቤቱ ያለው መሠረታዊ ማኅበርም ሲሰበሰብ ከእነርሱ አንድ ሰው ገብቶ እንዲናገር ይፈቀድ። መዋጮ ክፈሉ ብትሏቸው አይሸሹም፤ ሦስቱን ጠይቄያለሁ፣ ሦስቱም ፔሮሉ ላይ ይቆረጥ ብለዋል።

መልሳችሁን እምቢም ቢሆን በቁጥርና በማኅተም ለታች ጋይንት ወረዳ መምህራን ማኅበር ላኩልን። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ፤ ማንበብ ለማይችሉትም ቆሜ አነብላቸዋለሁ።