የኮርስ ቢሲክሌት በየትኛው ወራት ቢገዛ ይሻላል?

ልጆች ያሉት ሰው ሁሉ በሰኔ መጨረሻ የሚጠብቀው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ልጁ የትምህርቱን ውጤት ወረቀት ይዞ መጥቶ «እንግዲህ የገቡልኝ ቃል ይፈጸምልኝ» የሚለው ነው። በእኛም ቤት ይህ ጥያቄ በ2016 ዓ.ም. መጣ። የ15 ዓመት ልጃችን ከክፍሉ 3ኛ ወጣና፥ በጥር ወር ሳናስበው ከአፋችን ያመለጠውን ቃል እርሱ በልቡ ጽፎ አኑሮት ኖሮ፥ የኮርስ ቢሲክሌት እንድንገዛለት ጠየቀን።

የኮርስ ቢሲክሌት የምንለው መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘውን፥ ጎማው ቀጭን፥ ክብደቱ ቀላል ሆኖ በአስፋልት ላይ ለሩቅ መንገድና ለእሽቅድምድም የተሠራውን ነው እንጂ፥ ከሰፈር ሰፈር የሚኬድበትን ወይም ለተራራና ለኮረት የተበጀውን አይደለም። ዋጋውም እንደ ሥራው ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ አባት የሆነ ሰው ሳያስብ የሚገዛው ዕቃ አይደለም።

ልጃችንን ያጣደፈው ግን የክፍሉ ማዕርግ ብቻ አልነበረም። ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር ጣልያን አገር ቱሪኖ ከተማ ላይ በተፈጸመው 3ኛው ቀን አንደኛ ወጣ። በዚያ ታላቅ ውድድር ከጥቁር አፍሪካውያን የአንድ ቀን ድል ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሞ አሸንፎ፥ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ ውድድሩን ጨረሰ። የእኛ አገር ሰው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ሆኖ በዚሁ ውድድር መሰለፉን ልጃችን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕዳችን ላይ ከቢሲክሌት በቀር ሌላ ወሬ ማንሣት አስቸጋሪ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የፈረንሳይ ዙር የሚደረገው እንደ ልማዱ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው፤ ይህ ለእነርሱ ፀሓይ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። የልጆቻችን የትምህርት ውጤትም የሚሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ የልጁ ምኞት የሚነድደውና አባት ቃሉን የሚጠየቀው በአንድነት ሰማያችን በተከፈተበት ሳምንት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያስተዋልነው ግን ከተጐዳን በኋላ ነው።

ባለቤታችን ገና በመጀመሪያው «መስቀል ይለፍ፤ ልጁም ይታገሥ፥ እርስዎም ይታገሡ» ብላን ነበር። እኛ ግን ነጋዴውን ሄደን ብናነጋግረው «ጌታዬ፥ በክረምት ቢሲክሌት የሚገዛ ሰው የለም፤ ለእርስዎ ከዋጋው ከአሥር አንዱን እተውልዎታለሁ» አለን። ይህ ቃል ልባችንን ወሰደው። የተረፈውንም ገንዘብ ለመስከረም የደብተርና የጫማ ወጪ እናደርገዋለን ብለን፥ ሐምሌ 8 ቀን ገዝተን ወደ ቤት ይዘን ገባን። ያን ዕለት ማታ ስለ ብልኀታችን ለጎረቤታችን ያወራነው ነገር ዛሬ ትዝ ሲለን ያሳፍረናል።

ቢሲክሌቱ ከመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዝናቡ አላቋረጠም። ልጃችን በየማታው በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ፔዳሉን በእጁ እየዞረ ሰንሰለቱ ሲሮጥ ያያል፤ ከዚያም ይተኛል። እኛም ይህን ትዕግሥት አይተን ደስ ይለን ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቀን ጧት ሰማዩ ጠራ። እኛ በሥራ ላይ ሳለን፥ እናቱም ወደ ቤተ ክርስቲያን ለኪዳን ሄዳ ሳለች ልጁ አውርዶት ወጣ። እስከ 5 ሰዓት ድረስ ደኅና ነዳ። ወዲያው ደመናው ተሰብስቦ ዘነበና፥ ቁልቁለት ሲወርድ የጐርፍ ውኃ የሸፈነውን ጉድጓድ ሳያይ ገባበት። ማታ ቤት ስንደርስ ክርኑ ተጠቅልሎ፥ የፊቱ ቸርኬ ተጣምሞ አገኘነው። ከቁልቁለቱ ጀምሮ ቢሲክሌቱን ተሸክሞ በዝናብ መጥቶአል። ለእናቱ «ደረጃ ላይ አዳለጠኝ» ብሎአት ነበር። ለእኛ ግን አልዋሸንም፤ «አባባ፥ አይቆጡኝ፤ እርስዎ ገዝተው ሰቀሉት፤ እኔ በየቀኑ እያየሁት እንዴት ልቻል?» አለን። በፍርድ ቤት ስንት የተከራካሪ ቃል እየሰማን ጽፈናል፤ ለዚህ ቃል ግን መልስ አላገኘንለትም። ከኋላው መኪና ይከተለው ኖሮ ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብለን ስናስብ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ነጋዴው ሲሸጥልን አንድ የዋስትና ወረቀት ሰጥቶን ነበር፤ ፋብሪካው ያጐደለውን በ90 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ ሊጠግን፥ አንድ ጊዜም በነጻ ሊያስተካክል ይላል። ቸርኬውን በገንዘባችን አሳድሰን፥ መንገዱ ሲደርቅ ልጁ ጥቂት ቀን ቢነዳው ማርሹ መዝለል፥ ፍሬኑም መላላት ጀመረ። ወረቀቱን ይዘን ጥቅምት 8 ቀን ሄድን፤ በእኛ ቁጥር ልክ ሦስት ወር ነበር። ነጋዴው ግን ጣቱን እያጠፈ ቈጠረና 95 ቀን ሆነ። ጳጉሜን ረስተናት ኖሮአል! በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማርን፥ ዛሬም የሰውን ውልና የቀጠሮ ቀን ስንጽፍ የምንውል ሰዎች፥ በአምስት ቀን ተረታን። ነጋዴውን አንወቅሰውም፤ ወረቀቱ ግልጽ ነበር። በሐምሌ ያተረፍነው ከአሥር አንድ ግን ለቸርኬውና ለማስተካከያው ከከፈልነው አነሰ።

እንግዲህ ይህ ከሆነ በኋላ ተቀምጠን አሰብን። አዲስ ቢሲክሌት ከመደብር ሲወጣ ሥራው ገና አልተፈጸመም። የፍሬንና የማርሹ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግባል፤ ቸርኬውን የወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎችም በመነዳት ብዛት ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ብሎኖቹም እንደገና መጥበቅ ይሻሉ። ይህ ሁሉ ጉድለት የሚታየው ሲነዳ ነው እንጂ ሲሰቀል አይደለም። ስለዚህ ቢሲክሌት የሚገዛ ሰው ዋጋው መቼ ይረክሳል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ከገዛሁት በኋላ ያሉትን ሁለት ወራት እነዳዋለሁን? ብሎ ይጠይቅ። የማይነዳው ከሆነ የዋስትናውን ዘመን ለግድግዳ ከፈለ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ትከፍለዋለች። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፥ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው። (ዛሬ ብዙ ሰው የአበባውን ወራት ጸደይ ይለዋል፤ የኔታ ቢሰሙ ኖሮ በአርጩሜ ያርሙን ነበር።) ለአዲስ አበባና ለደጋው አገር ሰው ከእነዚህ አራቱ የሚሻለው የመጸው መጀመሪያ፥ ይኸውም ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናቡ ቆሞአል፤ መንገዱ ታጥቦ ደርቆአል፤ አቧራው ገና አልበዛም፤ ከፊትም ብዙ ደረቅ ወራት አሉ። የጧቱ ብርድ ይከብዳል፥ ነገር ግን ጓንት ያደረገ ሰው ይችለዋል። በየካቲት የሚገዛ ሰው አልተሳሳተም፥ ሆኖም ከመልካሙ ዘመን እኩሌታው አልፎበታል፤ በመጋቢትና በሚያዝያም የበልግ ዝናብ አልፎ አልፎ ያገኘዋል። በእንቁጣጣሽና በገና ዋዜማ መግዛትን ግን አንመክርም፤ አባት ሁሉ ስጦታ በሚፈልግበት ሳምንት ነጋዴ ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ፤ ያስደነቀን ነገር እዚህ ላይ ነውና። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የሚመጣውን ዓመት ቢሲክሌት የሚያወጡት የእነርሱ በጋ ሲያልቅ ነው። ብርዱ ሲገባ ነጂው ይቀንሳል፤ ባለ መደብሩም ያለፈው ዓመት ዕቃ ቦታ እንዳይዝበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዋጋ ይጥላል። በአሜሪካ በኅዳር አጋማሽ ግድም የታወቀ የቅናሽ ሰሞን አለ። ታዲያ የእነርሱ ብርድ ለእኛ ፀሓይ ነው። በዚያ አገር ርካሽ የሚገዛ ሰው እስኪሞቅ ድረስ ሰቅሎ መቆየት ግድ ሲሆንበት፥ ለእኛ ግን ዋጋው የሚረክስበትና መንገዱ የሚመችበት ዘመን አንድ ሆኖ ተገኘ። በዋሽንግቶን ወይም በስቶክሆልም ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ይህን ያስብበት፤ ለገና ወይም ለጥምቀት ሲመጡ ያለፈው ዓመት ሞዴል በልኩ ገዝተው ሊያመጡ ይችላሉ። የአንድ ዓመት ሞዴል ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ነው። ነገር ግን የጉምሩኩን ቀረጥና የአውሮፕላኑን የጭነት ዋጋ አስቀድሞ ጠይቆ በወረቀት መደመር ያሻል፤ ቅናሹን ጠቅልለው ሊበሉት ይችላሉና። የዋስትናውም ወረቀት በተገዛበት አገር መደብር ላይ እንደሚቀር አይዘንጋ። በዱባይ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ የዚያ አገር ነጂ ከሙቀት የተነሣ በኅዳርና በመጋቢት መካከል የሚነዳ መሆኑን ይወቅ፤ የአውሮፓው ሥርዓት በዚያ አይሠራም።

ወር ብቻ መቍጠርም አይበቃም። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቢሲክሌት ዞሮ በዓለም ላይ ዕቃው ጠፋ፤ በብርዱም ወራት እንኳ ቅናሽ የሚሰጥ አልተገኘም። ፋብሪካዎቹ ብዙ አዝዘው፥ ዕቃው በብዛት ሲደርስ ፈላጊው ቀነሰና፥ በ2015 ዓ.ም. በበጋውም በብርዱም በርካሽ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ገዢ ቀን መቍጠሪያውን ካየ በኋላ የነጋዴውን መጋዘን ደግሞ ይመልከት።

ስለ ልክም አንድ ቃል እንጨምር። «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ መግዛት ለኮት ይሆናል፥ ለኮርስ ቢሲክሌት ግን አደጋ ነው፤ እጁ ፍሬኑን በደንብ የማይጨብጥ ልጅ ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል? የአካሉ ልክ በሳንቲ ሜትር ተጽፎበታል። የልጁን እግር ከውስጥ በኩል ከብሽሽቱ እስከ ተረከዙ ለክቶ ከፋብሪካው ሰንጠረዥ ጋራ ማስተያየት ነው። የእኛ ልጅ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ስላደገ የኮርቻው ዘንግ ወደ ላይ ሊወጣ የሚችልበት ምልክት ጋ ደረሰ፤ ቢሲክሌቱ ግድግዳ ላይ ሆኖ አነሰው ማለት ነው።

ሥራው ግድ ብሎት በክረምትም የሚነዳ ሰው፥ ወይም ሜዳማ በሆነው በባሕር ዳር በዝናብ መካከል የሚመላለስ ሰው፥ ዲስክ ፍሬን ያለውን ይምረጥ፤ በውኃ ጊዜ ቸርኬውን ከሚጨብጠው ፍሬን ይልቅ ያስተማምናል። ጎማውም ቢያንስ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ቀድሞ የተለመደው 23 ለተሰነጠቀ አስፋልት የሚመች አይደለም። በመንገዱ ላይ የተቀባው ነጭ ቀለምና የቦይ ብረት ክዳን ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ በላዩም ፍሬን አይያዝ።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የሴት ልጃችን ነው። 13 ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ በሚነዳበት ሁሉ እየሮጠች ስትከተለው ቆይታ በሰኔ መጨረሻ ወረቀቷን ይዛ መጣች። እኛም በዚያው ቀን በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ «ኅዳር 12፥ ለቅዱስ ሚካኤል ዋዜማ እስከ መጨረሻው ቀን ቢዘገይ» ብለን ጽፈን፥ ፈርመን፥ ወንድሟንና እናቷን ምስክር አድርገን ሰጠናት። እርሷ ወረቀቱን አንብባ «አባባ፥ ዋዜማው 11 ነው፤ 12 በዓሉ ነው» አለችን። አርመን እንደገና ፈረምን። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እናቷ በልብስ መስፊያዋ ሜትር እግሯን ትለካታለች፤ ቢሲክሌቱ ተሰቅሎበት በነበረው ግድግዳም ላይ ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፋል።