“ደንቡ መቼ ይከለክላል?”

“ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ” ስለሚባለው ጨዋታ በአሜሪካ ያሉ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት “ለልጆቻችን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?” ብለው ነው። አስማትና ጭራቅ ያለበት ስለሆነ ወላጅ ቢመረምረው ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ከዚሁ ጨዋታ ሌላ ጥያቄ እናንሣ፦ የሚያሻማ ደንብ እንዴት ይነበባል?

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ነው። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ዳይስ እየወረወሩ ታሪክ ይሠራሉ። “ዳንጀን ማስተር” የሚባለው ታሪኩን ይመራል፤ ደንቡ ሲያሻማም ይዳኛል። መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢወፍር ተጫዋች የሚያስበውን ሁሉ አስቀድሞ አይጽፍምና።

በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ አንድ ብልሃት አለ። በውጊያ አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ውስጥ አንድ ሰው የያዘውን ለአጠገቡ ማቀበል ይችላል። እንግዲህ 2,000 ገበሬዎች ተሰልፈው በትር ቢቀባበሉ፣ በትሩ በ6 ሰከንድ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፤ ስለዚህ በዚያ ፍጥነት ተወርውሮ ጠላትን ያደቅቃል ይላሉ። “ደንቡ መቼ ይከለክላል?” እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የዳንጀን ማስተር መመሪያ መልስ አለው፦ ደንቦቹ የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም፤ በቅንነት እንዲነበቡም ይፈልጋሉ።

ወገኖች፣ ይህ ብልሃት ጥንታዊ ነው። በማርቆስ 7 ሰዎች “ቁርባን” ብለው ተስለው አባትና እናታቸውን ከመርዳት ያመልጡ ነበር፤ በስእለት ሥርዓት ትእዛዙን ሻሩ። በሉቃስ 10 ሕግ አዋቂው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ የጠየቀው ራሱን ሊያጸድቅ ወድዶ ነበር። ጌታ የቃሉን ድንበር አልለካለትም፤ የወደቀውን ሰው አሳየው።

ታዲያ ዳኛው እንደ ፈለገ ይፍረድ ማለታችን ነውን? አይደለም! ግልጽ የሆነውን ደንብ “መንፈሱ እንዲህ ነው” እያለ የሚያጣምም ዳኛ ከተንኮለኛው ተጫዋች አይሻልም። ጥሩ ዳንጀን ማስተር ደንቡ ለምን እንደ ተጻፈ ይጠይቃል፤ ለተጫዋቾቹ የፈረደውን እርሱ ለሚያንቀሳቅሳቸው ጭራቆችም ይፈርዳል። እኛም በዚህ እንፈተን፦ ይህ አተረጓጎም ነገ ለተቃዋሚዬ ቢጠቅም ዛሬ እቀበለዋለሁን?

በጨዋታ የሚበላሸው አንድ ምሽት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን የሚጎዳው የክርስቶስ አካል ነው። በሽማግሌዎች ምርጫ ወይም በአባላት ጉባኤ ስለ አንዲት የመተዳደሪያ ደንብ ሐረግ ስንከራከር፣ ድምፅ አሸንፈን ወንድማችንን ልናጣ እንችላለን። ደንቡ ሲያሻማን ሐረጉን ከመጥቀሳችን በፊት ልባችንን እንመርምር፤ ደንቡ ሊጠብቀው የታሰበውን ሰውም እንመልከት። ሰንበትም ስለ ሰው እንደ ተፈጠረች ጌታ ነግሮናልና።

ቅን ልብ ይስጠን። ጸጋ ይብዛላችሁ።