ገንዘብ ያዣችን ያልላኩት ደብዳቤ

ባለፈው መጋቢት ወር መጨረሻ ለአሥራ አንድ የቅሬያችን አባሎች በገንዘብ ያዣችን ስም አንድ የኢሜይል መልእክት ደርሷቸው እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል። «የቅሬው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ስለተለወጠ የዚህን ወር መዋጮ በአዲሱ ቁጥር አስገቡ፤ ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ይላል። ሦስት አባሎች አመኑና ከፈሉ። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያለው አንድ አባል ደግሞ የተያያዘውን ፋይል ሲከፍተው በማግሥቱ የኮምፒዩተሩ ሀብት ሁሉ ተቆልፎ አደረ። የሰው ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ መጥሪያ ካርድ፤ አንዱም አልከፈት አለ።

ገንዘቡስ ይተካ ይሆናል። እኛን ብዕር ያስነሣን ከዚያ ወዲህ የተወራው ወሬ ነው። «ያለ እሳት ጭስ የለም» ያለም አለ። «ስማቸው ተጽፎ እያየን ምን ማስተባበያ ያስፈልጋል?» ያለም አለ። ሰውየው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የቅሬውን ደብተር የያዙ ናቸው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማችን ደሴ በጦርነቱ ስትያዝና ሕዝቡ ሲበታተን፣ ከቤታቸው ሌላ ዕቃ ሳያወጡ ደብተሩንና ማኅተሙን በነጠላ ጠቅልለው እንደወጡ የማያውቅ የለም። አሁን እኒህ ሰው ለቀብር ሲወጡ ከኋላ ነው የሚቆሙት። ባለቤታቸውም ቡና ሲጠሩ ሰው አይመጣላቸውም። ኧረ ይሄ ነገር ደግ አይደለም!

ኮሚቴው ጉዳዩን አጣርቷል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተቋም የምትማር የሰፈራችን ልጅ መጥታ የአንዱን አባል ስልክ ተቀበለችና፣ በላኪው ስም ላይ ጣቷን ብታሳርፍ፣ ከስሙ ሥር ተደብቆ የነበረው አድራሻ ብቅ አለ። ጨርሶ የማናውቀው አድራሻ ነው። ስልኩ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ስሙን ብቻ ነበር የሚያሳየው። የቅሬው ዳኛ መነጽራቸውን አጥልቀው ሦስት ጊዜ አዩትና «እና እኛ ሰውየውን በዚህ ነው የፈረድንባቸው?» አሉ።

ልጅቷ እንደነገረችን ይህ ገና ቀላሉ ነው። የተሠወረ አድራሻ እንኳ ሳይኖር፣ የሰውየውን አድራሻ ራሱን አስመስሎ መጻፍም ይቻላል። ነገሩ ከፖስታ ጋር ይመሳሰላል። ድሮ ደብዳቤ ስንልክ በፖስታው ጀርባ የላኪ ስም እንጽፍ ነበር። ፖስታ ቤቱ ቴምብሩንና የሚሄድበትን አገር ያያል እንጂ «በእርግጥ አንተ እገሌ ነህ ወይ?» ብሎ መታወቂያ አይጠይቅም። ኢሜይል ከማሽን ወደ ማሽን የሚተላለፍበትን ደንብ ጆናታን ፖስቴል የሚባል አሜሪካዊ በ1974 ዓ.ም. ሲጽፍ እንዲሁ አድርጎ ነው የሠራው። ያኔ መረቡን የሚጠቀሙት የሚተዋወቁ ምሁራንና መሥሪያ ቤቶች ስለነበሩ በላኪው ስም የሚዋሽ ይኖራል ብሎ የተጨነቀ አልነበረም። በር ሳይዘጋ ይታደር እንደነበረበት ዘመን ማለት ነው። ደንቡ ግን ዓለም ሁሉ ከገባበት በኋላም በዋናው አሠራሩ ሳይለወጥ ቀጠለ።

በሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ የያዘ መልእክት ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። የተያያዘውን የፍቅር ደብዳቤ የከፈተ ሁሉ ፎቶግራፎቹ ጠፉበት፤ ቫይረሱም በአድራሻ መዝገቡ ላለ ሰው ሁሉ ራሱን ላከ። የእንግሊዝ ፓርላማ እንኳ የኢሜይል አገልግሎቱን ለመዝጋት ተገዶ ነበር። ጸሐፊው ተማሪ ማንነቱ ቢታወቅም አገሩ ለዚህ የሚሆን ሕግ ስላልነበራት ሳይቀጣ ቀረ። በዚያን ጊዜ ግን ቢያንስ መልእክቱ የሚመጣው ኮምፒዩተሩ ከታመመበት ሰው ስለነበር «ያንተ ማሽን ታሟል» ብሎ መንገር ይቻል ነበር።

በ1994 ዓ.ም. የተነሣው ክሌዝ የሚባለው ቫይረስ የባሰ ተንኮል ይዞ መጣ። ከታመመው ኮምፒዩተር ውስጥ ያገኘውን የማንንም አድራሻ አንሥቶ «ላኪ» አድርጎ ይጽፈዋል። ቫይረሱ ከእኔ ማሽን ወጥቶ፣ በእርስዎ ስም፣ ለጎረቤትዎ ይደርሳል። ጎረቤትዎ እርስዎን ይሰድባል፤ የእርስዎ ማሽን ንጹሕ ነው፤ እኔ የታመምኩት ምንም አልሰማም። ታዲያ ይሄ የእኛን ሰፈር ታሪክ አይመስልም?

የኛው አገር ሰውም በዚህ ተጠቅቷል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ቪዲዮ የሚያሳይ በሚመስል ኢሜይል እየተታለሉ፣ «ማጫወቻውን አድሱ» ሲባሉ የስለላ ፕሮግራም በኮምፒዩተራቸው እንዲጭኑ ሲደረግ እንደነበር አጋልጧል። የተማሩና የሚጠነቀቁ ሰዎች ከተታለሉ እኛ መዋጮ ለመክፈል የቸኮልን የቅሬ ሰዎች ብንታለል አያስገርምም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማንነትን አስመስሎ ማታለልንም የኮምፒዩተር ዳታ ማበላሸትንም በወንጀል ያስቀጣል። ያመለከትንበት ቦታ ግን «ላኪውን አምጡና እንከሳለን» ነው ያሉን። ላኪውን ብናውቀው ኖሮ ምን ልናደርግ እንሄድ ነበር!

መሥሪያ ቤቶችም በበኩላቸው ሊሠሩት የሚገባ አለ። የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ያለው ድርጅት በስሙ ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ማሽኖች በይፋ ማስመዝገብና በመልእክቱ ላይ የሚረጋገጥ ስውር ማኅተም ማድረግ ይችላል። ይህ አሠራር ከተጀመረ ቆይቷል፤ የሚያስፈልገው አንድ ቀን የሚመደብ ባለሙያ ነው። ሥራ ፈላጊ ልጆቻችን ሐረጎን እየወረዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለፋብሪካ ሲያመለክቱ፣ «ተመርጠሃል፣ የምዝገባ ላክ» የሚል የሐሰት መልእክት ሲመጣባቸው ከእውነተኛው የሚለዩበት ነገር ሊኖራቸው ይገባል።

አሁን ደግሞ ድሮ ግለ ሂስ ይባል የነበረውን እናድርግ። ጥር ላይ የስብሰባ ጥሪ ስንልክ የአባሎችን አድራሻ በሙሉ በአንድ መስመር ደርድረን ነው የላክነው። ደሴ ያለው፣ ኮምቦልቻ የወረደው፣ ጅዳ ያለው ሳይቀር የሁሉም አድራሻ በሁሉም ስልክ ገባ። ከእነዚያ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች አንዱ ከታመመ ዝርዝሩ ሌባ እጅ ገባ ማለት ነው። ከዚያም ሌላ ዝርዝሩን ያስጻፍነው በፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው፤ ፍላሹም ከማሽን ማሽን ሲዞር ነበር የከረመው። ፍላሽ ሰክታችሁ ፋይሉ ሁሉ «ሾርትከት» ሆኖ ያገኛችሁ ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እነዚሁ ሱቆች ለደንበኛ ኢሜይል ሲከፍቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይሰጣሉ፤ ቃሉም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ባለሱቆቹ ወንድሞቻችን ናቸው፤ ክፋት አይደለም፣ ሰው እንዳይረሳ ብለው ነው። ቢሆንም ይቅር። ልጁም ሱቅ የተከፈተለትን ኢሜይል ቤቱ ሲገባ ቃሉን ይለውጥ።

ከእንግዲህ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ቢኖር በዚህ ሰሌዳ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይለጠፋል፤ በወሩ ስብሰባም ይነበባል። ኮምቦልቻ ላሉት ዳኛው ራሳቸው ይደውላሉ። በኢሜይል፣ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ብቻ የመጣ የገንዘብ ጥያቄ፣ የማንም ስም ይኑርበት፣ አይከፈልም። በቴሌብር ላኩ ቢባልም ያው ነው። የተጠራጠረ ሰው ለመልእክቱ መልስ ከመስጠት ይልቅ በሚያውቀው ስልክ ይደውል፤ መልሱ ወደዚያው ወደ ሌባው ነው የሚሄደው። የከፈሉት ሦስት አባሎች የመጋቢት መዋጮ እንደከፈሉ ይቆጠርላቸዋል፤ ጉድለቱን ቅሬው ይችላል፤ ይህም በኮሚቴው ስብሰባ ተወስኗል።

ገንዘብ ያዣችን ደብተሩን ለማስረከብ ጠይቀው ነበር፤ አልተቀበልናቸውም። በመጪው እሑድ ከቀትር በኋላ በቤታቸው ቡና አለ። ዳኛውና ሽማግሎቹ ይገኛሉ፤ ያኔ የተናገሩትም ሁለቱ አባሎች እንደሚመጡ ቃል ገብተውልናል።