ካርታውን ከመዘርጋታችሁ በፊት ዕድሜውን ጠይቁት

በዓባይ ወይም በኦሞ ሸለቆ ለቀናት እየቀዘፉ መውረድ ለረጅም ዘመን የፈረንጅ ሥራ ብቻ መስሎ ኖሯል። አሁን ግን በአገር ቤትም በውጭም ያሉ ወጣቶቻችን ስለዚህ ጉዞ ሲጠያየቁ እሰማለሁ። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፦ የትኛውን የጉዞ መጽሐፍ ልግዛ? የትኛውን ካርታ ልያዝ?

መልሴ አጭር ነው። ከመጽሐፉ ስም በፊት ዓመቱን እዩ።

ለምን? ወንዞቻችን ተለውጠዋላ! የሕዳሴው ግድብ መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ውሃ መያዝ የጀመረው በ2012 ክረምት ሲሆን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ሐይቅ ወደ ሸለቆው ወደ ኋላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተኝቷል። ከዚያ በፊት የተሠራ ካርታ ሁሉ ሐይቁ ባለበት ቦታ ቀጭን ወንዝ ነው የሚያሳያችሁ። ኦሞም እንደዚሁ ነው። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የድሮ መጻሕፍት የሚተርኩት ሸለቆ አንድ ክፍል ውሃ ውስጥ ገብቷል።

ይህ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ወንዙ ራሱ ይወስዳችኋል ባለበት ቦታ ሐይቅ ከገጠማችሁ፣ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በክንዳችሁ ትቀዝፋላችሁ። ለአምስት ቀን የያዛችሁት ስንቅ መንገዱ ሳይጋመስ ያልቃል። ከግድብ በታች ደግሞ ውሃው ዝናብን ብቻ አይከተልም፤ ተርባይኑ ሲሠራና ሲያርፍም ይነሣል፣ ይወርዳል። የድሮው መጽሐፍ ለድንኳን ያመቻል ያለው አሸዋ ሌሊት ውሃ ሊያገኘው ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስኬሉ ነው። የቱሪስት ካርታ ብዙ ጊዜ 1፡2,000,000 ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትሩ 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ጀልባ ውስጥ አይገባም። ለወንዝ የሚሆነው 1፡50,000 ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትሩ 500 ሜትር። እነዚህን ቅጠሎች ድሮ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያዘጋጅ ነበር፤ ሥራው ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። ካርታውን ስታገኙ መጀመሪያ የግርጌውን ጽሑፍ አንብቡ። የታተመበት ዓመትና የአየር ፎቶው የተነሣበት ዓመት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ወረቀቱ አዲስ ሆኖ በላዩ ያለው ወንዝ የአያቶቻችሁ ዘመን ሊሆን ይችላል።

የከፍታ መስመሮቹንም ልብ በሉ። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ከሆነ፣ የ15 ሜትር ፏፏቴ በመካከላቸው ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ካርታው ዝም ያለበት ቦታ ሁሉ ሰላም አይደለም።

ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። ፊሊፕ ብሪግስ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለብራት ያዘጋጀው የኢትዮጵያ መመሪያ ለመንገድና ለማደሪያ ይጠቅማል። ውሃውን የሚተርኩት ግን የዘማቾቹ መጻሕፍት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ከነወቅታቸው ማንበብ ያስፈልጋል። በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዞችና የኢትዮጵያውያን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1968 ዓባይን የወረደው በክረምት ሙላት ነው፤ ከአባላቱ አንዱንም ውሃ ወስዶበታል። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ግን የአገራችንን ክፍል በበጋ አልፈው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። ወንዙ አንድ ነው፣ ውሃው ግን ሁለት ነው። የአንዱን መጽሐፍ ይዞ በሌላው ወቅት የሚገባ ሰው ዕድሉን እየፈተነ ነው።

«ስልኬ አለ፣ የሳተላይት ምስል አያለሁ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አዲሱን ሐይቅ የሚያሳየው እሱ ነው። ግን ምስሉ የተነሣው በየትኛው ወር ነው? የጥር አሸዋ የነሐሴ ጎርፍ ነው። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ፤ ባትሪ ያልቃል፣ ስልክ ይረጥባል። ምስሉን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ወረቀቱንም ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ።

ከሁሉም በላይ ሰው ጠይቁ። ጣና ላይ ከደንገል ታንኳ የሚሠራው፣ ኦሞ ዳር ከብት የሚያጠጣው፣ አዞው የት እንደሚያደፍጥና መሻገሪያው የት እንደሆነ ያውቃል። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ አይነግራችሁም። ሸለቆው ሰላም ካልሆነ ካርታው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ጉዞው ስህተት ነው። ይቅር፤ ወንዙ የትም አይሄድም።

አንድ ነገር ለመንግሥት ተቋሞቻችን ልበልና ላብቃ። እነዚህን ግድቦች የሠራ አገር ወንዞቹን ስንዝር በስንዝር ለክቷል። ያ ዕውቀት የታደሰ ካርታ ሆኖ፣ የውሃው መጠንና የሚለቀቅበት ሰዓት ተጨምሮበት፣ በአማርኛና በየወንዙ ዳር ሕዝብ ቋንቋ ማንም በቀላሉ ሊያገኘው ይገባል። የሚፈልገው የሽርሽር ሰው ብቻ አይደለም። በአዲሱ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅና በግድቡ ሥር ወንዝ የሚሻገረው ገበሬ ከማንም በላይ ይፈልገዋል። የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው እንላለን። ስለ ውሃው የሚነግረውም ሊጠማው አይገባም።